ብረቱን አትዝለልብኝ

ዘጠኝ ሺህ ብር ነበር ከደረት ኪሴ ያለው፤
እኩሌታው የእናቴ፣ የሙክት መሸጫ ነው፣
የቀረው ወንድሜ ከኮምቦልቻ የላከው።
ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ከሬዲዮ ጠጋኞች ተርታ፣
ዘይኑ ሱቅ ገባሁ፣ ካፊያ ሲጥል፣ ወደ ማታ።

ሁለት አወጣልኝ ከካርቶን፣ ከስፖንጁ፤
አንዱን በግራ ያዘ፣ አንዱን በቀኝ እጁ።
«ይሄ የጀማሪ ነው፣ ሁለት ቁልፍ ብቻ፤
ለልምምድ ይሆናል፣ አይሆንም ለዘመቻ።
ያኛው ግን ይለያል፣ ጆሮው የሠለጠነ፤
ዝም ይላል ከሥሩ ያለው ብረት ከሆነ፤
ለወርቅ፣ ለብር፣ ለነሐስ ይዘፍናል፤
ሚስማርና ቆርቆሮን እንዳላየ ያልፋል።»

«ጥልቀቱስ?» ስለው ሳቀ። «ካርቶኑ አንድ ሜትር ይላል፤
ካርቶን ምን ቸገረው? ካርቶን መች ይቆፍራል?
ለሳንቲም አንድ ስንዝር፣ ለድስት አንድ ክንድ ነው፤
ከዚህ በላይ ያለህን፣ እኔም ብሆን አትመነው።»
«ውሃስ?» «ሰሃኑን ከወንዝ ብትነክረው ግድ የለም፤
ሳጥኑን ግን ዝናብ ከነካው፣ አልዋሽህም፣ አይድንም።»
«ክብደቱስ?» አስያዘኝ፣ ዝም ብሎ ቆየ፤
ክንዴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሰዓቱን አየ።
«አራት ደቂቃ» አለ። «ሰፊ ሰሃን እንዲህ ነው፤
ጠልቆ ሲሰማልህ ክንድህን ቆርጦ ነው።
ይቺን ቁልፍ ስታዞር አፈሩን ይረሳል፤
ቀይ አፈር ብረት አለው፣ ባዶውን ያስለፈልፋል።»

ከዚያ ድምፁን ቀነሰ። «ደላንታ ነህ እንዴ?
ለኦፓል ከሆነ ተወው፣ ድንጋይ አይጮህም ዘመዴ።»

«አይደለም» አልኩት፤ «ከሐይቅ የሸሸን ሌሊት፣
ከግራዋው ሥር ነው እናቴ የቀበረችበት፤
የብር ድሪዋን፣ የአባቴን ሰዓት፣
የሙሽርነት አልቦዋን፣ በዱቄት ወተት ጣሳ።
ስንመለስ ግራዋው ለማገዶ ተቆርጧል፣ ሥሩም ተነሣ።
ሁለት ክረምት ሙሉ በአካፋ ስትቆፍር
ጓሮው ሁሉ መሰለ የፍልፈል ሰፈር።»

«ጣሳ?» አለኝ ዘይኑ። «ቆርቆሮ?» «አዎ፣ ቆርቆሮ።»
ውዱን ከካርቶኑ ከተተው፣ አጥብቆ አስሮ።
«ይሄ እናትህን አይቶ እንዳላየ ያልፋታል፤
ብሩ ከብረት ሆድ ነው፤ ብረት የዘለለ ብሩን ይዘላል።
ርካሹን ውሰድ። ጨዋ ነው፣ አይመርጥም፤
ላገኘው ሁሉ ይጮሃል፣ ብረት ነህ ብሎ አይንቅም።»

የጆሮ ማዳመጫ መረቀልኝ። ከበሩ ላይ ግን ያዘኝ፦
«ከእርሻው ዳር፣ ከምሽጉ አጠገብ፣ ከባድ ጩኸት ከሰማህ
አትቆፍር። ድንጋይ ክበብና ለቀበሌ ንገር።»

እናቴ ማዳመጫውን ከሻሿ ላይ ደፋች።
«ምን ይዘላል ይሄ?» ብላ ጠየቀች።
«ምንም።»
«ጎሽ። ብረቱን አትዝለልብኝ» አለች።

የበር ማጠፊያ ወጣ፣ የማረሻ ስባሪ፣
የሰርዲን ጣሳ፣ እኛ ያልበላነው፣ የወታደር ፍርፋሪ፤
ወንድሜ ያለቀሰላት የመጫወቻ መኪናው ጎማ፤
ሰባት ቀለህ ደግሞ፣ እንደ ወርቅ ሲዘፍን የተሰማ።
እናቴ ቀለሆቹን ከአጥሩ ግንድ ላይ ደረደረች፤
ወርቅ ያለቻቸው ማሽኗ ናት፣ እሷ አላለች።

በሦስተኛው ቀን ጦይባ በአጥር ብቅ አለች፦
«እኔም ድስት ቀብሬ፣ ከዘይቱናው ሥር ነበረች።»
አዋስናት። ሳይመሽ እልልታ ሰማን።
ከእሷ አራጋው ወሰደው፣ ከአራጋው እትዬ ጀማነሽ፤
የኛ አንድ ጥግ ሲቀረው ድንጋዩ አለቀብን።

ዛሬ ዘይኑ ሱቅ ነኝ፣ ባለ ዘጠኝ ቮልት ፍለጋ።
«ተገኘ?» አለኝ፣ ዓይኑ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ፣ ከካቻቪቴው ጋ።
«የጦይባ ተገኘ» አልኩት።
የሁለት ድንጋይ ዋጋ ተቀበለና
ሦስት ቆጠረልኝ።